የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ጥርሱ ሲበላ፦ ለድሮ መኪኖች

ይንጠባጠባል፣ ሲጠበቅ ግን ይይዛል

ጥርሱ ደህና ሊሆን ይችላል። ማፍሰሻው ከሁሉም ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ) ጋስኬት ወይም ከኋላ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ ከሚይዘው ቀለበት) የወረደ ዘይትም እዚያው ይጠራቀማል። አካባቢውን በቤንዚን አጥባችሁ አድርቁ፣ የሕፃን ፓውደር ንፉበት፣ ሞተሩን 10 ደቂቃ አሠሩ። እርጥቡ መስመር ከየት እንደጀመረ ይታያል። ከብሎኑ ሥር ከጀመረ ሮንዴላውን (ከብሎኑ ጭንቅላት ሥር የሚገባውን ቀለበት) ቀይሩ። የመዳብ ሮንዴላ አንዴ ከተጨፈለቀ ይደርቃል፤ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ማጋል መልሶ ያለሰልሰዋል።

ይዞራል፣ አይጠብቅም

መጥበቅ ሲገባው ለስለስ ብሎ ይዞራል። አውጥታችሁ ስታዩት በብሎኑ ጥርሶች መሃል እንደ ክር የተጠቀለለ ነጭ ብረት ካለ የተበላው የአሉሚኒየም ኮፓው ነው።

አንዱ ምክንያት የደረቀ ሮንዴላ መልሶ መግጠም፣ ሲያፈስም በረጅም ቁልፍ ማጥበቅ ነው። ሌላው የማይገጥም ብሎን ነው፦ ኤም 14 × 1.25 ብሎን (ውፍረቱ 14፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር) ኤም 14 × 1.5 ቀዳዳ ውስጥ ጥቂት ዙር ይገባና ይጠነክራል፣ ቁልፍ ሲጨመርበት ጥርሱን አርሶት ይሄዳል። በድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ጥርሱ በኢንች የሚለካም አለ፤ በጥርስ መለኪያ ሳትለኩ ብሎን አትግዙ።

መፍትሄው ኮፓውን ከማውረድ ይጀምራል። በቦታው እንዳለ መብሳት ያጓጓል፣ ግን ፊልትሮው የሚገኘው ከዘይት ፓምፑ በኋላ ነው፤ ከፓምፑ በፊት ያለውን ወንፊት ያለፈች የብረት ብናኝ ቀድማ የምትደርሰው ፓምፑ ጋ ነው። ብዙ የድሮ ሞተሮች ደግሞ ሙሉ ዘይቱን የሚያጣራ ፊልትሮ ጭራሽ የላቸውም።

የቀዳዳው ዙሪያ ወፍራም ከሆነ በ14.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ አስፍታችሁ ኤም 16 × 1.5 ጥርስ አውጡ። በቋሚ ትራፓኖ ብሱት፤ ቀዳዳው ካዘነበለ የብሎኑ ጭንቅላት በአንድ ጎን ብቻ ያርፍና አዲስ ጥርስ ይዞም ያፈሳል። ጥርስ ማውጫውን ዘይት ቀብታችሁ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ እያላችሁ ሂዱ።

የመኪናውን የራሱን ብሎን ማቆየት ከፈለጋችሁ (በድሮ መኪና ይህ ተገቢ ነው) ውስጡ ጥርስ ያለው የብረት ቡሺንግ ይግባ። ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ አዲስ ጥርስ የሚሆነው የሽቦ ጥምጥምም ይሠራል፣ ሆኖም ማፍሰሻ በየዘይት ቅያሪው ስለሚፈታ አንድ ቀን ከብሎኑ ጋር ተያይዞ ሊወጣ ይችላል።

የቆርቆሮ ኮፓ ከሆነ ታጥቦ፣ ብሎኑ የሚገባበት አሮጌው ዳዶ ተቆርጦ አዲስ ይበየድበታል። ማፍሰሻው በወንፊቱ ክዳን ላይ ባለባቸው የቮልስዋገን ቢትሎች ክዳኑን መቀየር ይበቃል፤ 6ቱን ትንንሽ ዳዶዎች ከ7 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ልክ) አታሳልፉ።

ራሱ ጥርስ እየቆረጠ የሚገባውን ወፍራም ብሎን አንመክርም። ጠምሞ ይገባል፣ አሉሚኒየሙንም ይሰነጥቃል።

ይዞራል፣ አይወጣም

ከጭንቅላቱ ሥር ካቻቢቴ አስገብታችሁ ወደ ታች እየገፋችሁ ፍቱት።

ጭንቅላቱ ተላጧል

ባለ 6 ጎን ቡሶላ ተጠቀሙ፤ ባለ 12 ጎኑ ይብስ ይልጠዋል። 17 ቁጥሩ ካልያዘ 16ቱን በመዶሻ መትታችሁ አስገቡ።

ሲገጠም

መጀመሪያ በጣት ብቻ አዙሩ። በአሉሚኒየም ኮፓ ላይ ኤም 14 ብሎን የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው፤ የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ያዙ። ሞተሩን አሙቁና ከሥሩ ንጹህ ካርቶን አንጥፋችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ጠብታ ከሌለበት ጥርሱም ሮንዴላውም ይዘዋል።