መጠጥ እንዴት ይተዋል? ከመለኪያው በፊት ያለችውን ሰዓት ፈልጉ

መጠጥ የተውኩት በአራተኛው ሙከራዬ ነው። ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ ስለገባኝ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ብቻውን ድንገት ማቆም የለበትም። እኔ ይህን ሳላውቅ "ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ" ብዬ በሬን ዘጋሁ። በማግስቱ እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ማታ ላይ ሰውነቴ ተንዘፍዝፎ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ሐኪም ቤት ያደረሰችኝ እህቴ ናት። እንዲህ ያለው መንዘፍዘፍ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ይመጣል። ከዚያ በኋላም መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል፤ ይገድላልም። ሐኪም ግን በመድኃኒት ያሻግራችኋል፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጣል። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ።

ቤት ያለውን መጠጥ አውጡ። "ለእንግዳ" ተብሎ የሚቀመጥ አይኑር።

ከባዱ ከዚህ በኋላ ነው። ሰውነት በሳምንት ገደማ ይረጋጋል፤ ሆድ ውስጥ ያለው ግን እዚያው ነው። ደብተር ያዙ። መጠጥ ባማራችሁ ቁጥር ሰዓቱንና ከዚያ በፊት የተሰማችሁን ጻፉ። "ጨነቀኝ" ብቻ አይበቃም። ምኑ?

እኔ የሥራ ድካም ነው እል ነበር። ሦስት ሳምንት ስጽፍ ግን ሁሌም ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ ቤት ስገባ ሆኖ አገኘሁት። አባዬ በሕይወት ሳለ የሚደውልልኝ በዚያ ሰዓት ነበር። ሲሞት ለቀስተኛ ሳስተናግድ ሰነበትኩ እንጂ አላለቀስኩም። ስልኩ ዝም ሲል አረቄ እቀዳ ነበር።

ሰዓቷን ካገኛችኋት ባዶ አትተዋት። እኔ እናቴ ጋ መደወል ጀመርኩ። መጀመሪያ ስለ ገበያ፣ ቆይተን ስለ አባዬ አወራን። አብረን አለቀስን። አምሮቱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ እስኪያልፍ እራት ብሉ፣ ወይም ወጣ ብላችሁ ተራመዱ።

ጫት የምትቅሙ ለሐኪሙ ንገሩት። ምርቃና ለመስበር ጨብሲ እየተባለ መጠጥ መተው አይቻልም። "አንድ ድራፍት ብቻ" የሚልን ጓደኛም ለጊዜው ራቁት።

ብትወድቁ በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ተናገሩ። እኔ በሦስተኛው ሙከራዬ ስወድቅ ደብቄው ስምንት ወር ጠጣሁ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ለእህቴ ነገርኳት። ከሰዓት ሐኪም ቤት ነበርን።