በቅጠል ላይ የሚታዩ ረቂቅ ፈንገሶች፦ ችግርና መፍትሄ

መርጫውን ከማንሳትዎ በፊት ቅጠሉን ገልብጠው ይመልከቱ። ተክል ላይ የሚኖሩ ረቂቅ ፈንገሶች ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ በዘር ሐረግና በአኗኗር ግን እጅግ ይራራቃሉ። ምድባቸውን የሳተ መድኃኒታቸውንም ይስታል።

ቅጠሉ ነጭ ነገር ለብሷል ወይም ገርጥቷል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ። የዱባ ቅጠሎች ሲገረጡ አይቼ ድኝ ረጨሁ፤ ቢጫው እየሰፋ ሄዶ ቅጠሎቹ ደረቁ። ገልብጬ ያየሁት ዘግይቼ ነው፦ ግራጫ ጸጉር መሰል ሻጋታ በቅጠሉ ጅማቶች ታጥሮ፣ ማዕዘን ማዕዘን ሠርቶ ተቀምጧል። ድኝ ለዚህ አይበጅም።

ነጩ ነገር በላይኛው ገጽ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ በጣት ሲጠርጉት ከለቀቀ፣ ኤሪሲፋሌስ ከሚባለው ክፍለ መደብ ነው። ግልጽ ፕላስተር ለጥፈው አንስተው በማይክሮስኮፕ ቢያዩት፣ ስፖሮቹ (ፈንገሱ የሚራባባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች) ብዙውን ጊዜ እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው ይታያሉ፤ እኔ ይህን ማየት ሰልችቶኝ አያውቅም። ፈንገሱ ክሩን በቅጠሉ ላይ ዘርግቶ፣ በቆዳው ሴሎች ውስጥ ጥቃቅን መምጠጫዎችን ሰድዶ ይመገባል። ሕያው ተክል ከሌለ አያድግም። ስፖሮቹ ለመብቀል የውሃ ጠብታ ስለማይሹ ዝናብ በሌለበትም ይበረታል። የጽጌረዳውና የዱባው ዝርያ የተለያየ በመሆኑ አንዱ ወደ ሌላው አይጋባም። መፍትሄው ቅርንጫፍ አሳስቶ ብርሃንና ነፋስ ማስገባት፣ ገና ሲጀምርም ድኝ መርጨት ነው። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ግን ድኙ ራሱ ቅጠሉን ያቃጥላል።

ከቅጠሉ ሥር የሚወጣው ግራጫ ሻጋታ፣ ስሙ ከፈንገስ ጋር ቢነሳም እውነተኛ ፈንገስ አይደለም። ኦማይሴት ይባላል፤ የሴል ግድግዳው በዋናነት እንደ እውነተኛ ፈንገስ ከካይቲን ሳይሆን እንደ ተክል ከሴሉሎስ የተሠራ ነው፤ ቅርብ ዘመዶቹም ቡናማ አልጌዎች ናቸው። የሚወደው ርጥብ ቅጠል ነው። ስለዚህ ውሃውን ማለዳ፣ ከግንዱ ሥር ያጠጡ። የመዳብና የኖራ ድብልቅ እ.ኤ.አ. በ1885 ይፋ የሆነው የዚህን ዘመድ ከወይን ላይ ለመከላከል ነበር። መዳብ ግን የሚጠብቀው ገና ያልተያዘውን ቅጠል ነው፤ የታመመውን አይፈውስም።

ብርቱካናማ ብናኝ ጣት ላይ ይቀራል

ይህ ዋግ ነው፤ ፑቺኒያሌስ ከሚባለው ክፍለ መደብ። የስንዴ ግንድ ዋግ በሕይወት ዑደቱ 5 ዓይነት ስፖር ይሠራል፤ ዑደቱንም በአንድ ተክል ላይ አይጨርስም። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1865 እንዳሳየው ሌላኛው ቤቱ ባርበሪ የሚባል ቁጥቋጦ ነው። ባርበሪን መንቀል አዳዲስ የዋግ ዘሮች እንዳይፈጠሩ ይረዳል። ነገር ግን ብርቱካናማው ስፖር ከስንዴ ወደ ስንዴ በነፋስ ስለሚሻገር ያለ ባርበሪም ወረርሽኝ ይነሳል። ዋነኛው መፍትሄ በሽታውን የሚቋቋም ዘር መዝራት ነው።

ጥቀርሻ መሰል ጥቁር ሽፋን

በእርጥብ ጨርቅ ሲያሹት ከለቀቀና ከሥሩ አረንጓዴ ጤነኛ ቅጠል ከወጣ፣ ፈንገሱ ተክሉን አይበላም። የሚመገበው ክሽክሽና ነጭ ዝንብ የሚያንጠባጥቡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ነው፤ ጉዳቱ ብርሃን መከልከሉ ነው። ፀረ ፈንገስ አይግዙ፤ ተባዮቹን በሳሙና ውሃ ይጠቡ። ለዚያ ፈሳሽ ሲሉ ተባዮቹን የሚጠብቁ ጉንዳኖች ካሉም መንገዳቸውን ይዝጉ።

ከደረቀው ቅጠል ብዙ ዓይነት ፈንገስ ተገኘ

ጤነኛ ቅጠልም ባዶ ሆኖ አያውቅም። ላዩ ላይ እርሾዎች፣ ውስጡ ደግሞ ምልክት ሳያሳዩ የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ፤ ቅጠሉ ሲሞት ብስባሽ በሎች ይደርሳሉ። መገኘት ብቻውን ጥፋተኛ አያደርግም። ናሙናውን ገና ከሚሰፋው ቁስል ጠርዝ ይውሰዱ፤ ተጠርጣሪውን በጤነኛ ተክል ላይ አድርገው ያው ምልክት ይመለስ እንደሆነ ይዩ።

ሁለት መጽሐፍ፣ ሁለት ስም

ድሮ አንድ ፈንገስ በጾታ ሲራባ አንድ ስም፣ ያለ ጾታ ሲራባ ሌላ ስም ሊኖረው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በሜልበርን የተሰበሰቡ የዕፅዋት ሳይንቲስቶች አንድ ፈንገስ በአንድ ስም እንዲጠራ ወሰኑ፤ ከ2013 ጀምሮም ደንቡ ጸና። የቆየ መመሪያ ከያዙ የዛሬውን ስም የፈንገስ ስሞችን በሚመዘግቡት ድረ ገጾች፣ በኢንዴክስ ፈንጎረም ወይም በማይኮባንክ፣ ያመሳክሩ፤ የመድኃኒቱን መግለጫም በሁለቱም ስሞች ይፈልጉ።