ኢንተርሉኪን-11ን ለደም መፍሰስ ሾክ (ደም በመፍሰሱ ሰውነት በቂ ደምና ኦክስጅን ሲያጣ) ላብራቶሪ ውስጥ ለመሞከር ፕሮፖዛል ስትጽፉ

ጎንደር ማስተርስ ላይ ያላችሁ ልጆች ይሄን ርዕስ መምረጥ ስለጀመራችሁ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ።

ኢንተርሉኪን-11 የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ መልእክት የሚያስተላልፍበት ፕሮቲን ነው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ፕሌትሌታቸውን፣ ደም የሚያረጉትን ሴሎች፣ ላወረደባቸው ሰዎች አሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. አጽድቃዋለች፣ ጣጣው ኩላሊት ሶዲየም እንዲይዝ ማድረጉና ሰውነት ውሃ መቋጠሩ ነው። ደም ለፈሰሰው ሰው ግን ይሄው ጣጣ ፕላዝማውን፣ የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ቢጨምርለት ይጠቅመው ይሆን? ሐሳቡ ይሄ ነው። አሳማ ላይም ተሞክሯል።

አይጥ ስል ትልቁን ራት ነው። በኪሎ 64 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም አለው፣ 300 ግራሙ 19 ሚሊ አካባቢ ማለት ነው፣ 40 በመቶው ሲወጣ ወደ 7.7 ይመጣል። አቅም ካላችሁ ግን በመጠን ሳይሆን በግፊት ሂዱ፣ አማካይ የደም ግፊቱን 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ላይ አውርዳችሁ ያዙት፣ ሁሉም እኩል ሾክ ውስጥ ይገባል።

አደራ መድኃኒቱን ደም ከማውጣታችሁ በፊት እንዳትሰጡ!! አዘዞ መንገድ ላይ ባጃጅ የገጨው ሰው ቀድሞ መርፌ ተወግቶ አይወጣም እኮ። ደሙ ከወጣ በኋላ ከሪንገር (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ፈሳሽ) ጋር ስጡት።

ግሩፖቹ፦ ቱቦ ገብቶለት ደም ያልወጣው (ሻም የሚባለው)፣ ደም ወጥቶ ሪንገርና ባዶ መሟሚያው የተሰጠው፣ ከዛ ደም ወጥቶ ሪንገርና ፕሮቲኑ የተሰጠው። እኔ ብሆን አራተኛ እጨምራለሁ፣ የተቀቀለ ፕሮቲን፣ ምክንያቱም ብዙው ፕሮቲን ባክቴሪያ ውስጥ ነው የሚመረተው፣ ትንሽ ኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያው መርዝ) ከቀረበት እሱ ራሱ ግፊቱን ያምሰዋል፣ ማፍላት ደሞ ፕሮቲኑን እንጂ ኢንዶቶክሲኑን አያጠፋም። የተቀቀለውም "ከሠራ" ነገሩ ገብቷችኋል፣ የሠራው ፕሮቲኑ ሳይሆን ኢንዶቶክሲኑ ሊሆን ይችላል።

ሻሙን ደሞ አትዝለሉት። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ኦክስጅኑ ይለያል፣ ባህር ጠረፍ ከተሠራ ፔፐር ኖርማል ቁጥር መዋስ አይሆንም።

የምትለኩት የ24 ሰዓት ሰርቫይቫል (ስንቱ በሕይወት እንደቆየ)፣ ላክቴት (ሴሎች ኦክስጅን ሲያጥራቸው ደም ውስጥ የሚጨምር)፣ ግፊቱን ለመያዝ የፈጀው ሪንገር፣ እና ኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ)፣ ይሄ መድኃኒት የልብ ምት ያዛባል። ሄማቶክሪት (ከደሙ የቀይ ሴሎች ድርሻ) ቢወርድ ደም ፈሰሰ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ውሃው አቅጥኖት ሊሆን ይችላል።

ፕሮቲኑን ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ከፋፍላችሁ ማይነስ 80 ክተቱ፣ እየቀለጠ ከቀዘቀዘ ይበላሻል፣ ፍሪዘሩ ጀነሬተር ላይ መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ መብራቱን ታውቁታላችሁ። የእንስሳት ኤቲክስ ፈቃዱ ሳይወጣ አንድም አይጥ አትንኩ፣ የአይጡን ቁጥርም ስታቲስቲክስ ከሚያውቅ ሰው ጋር አስሉ፣ "ሁሉም 6 ነው ያደረገው" መልስ አይደለም። ሲሪንጁን ሌላ ሰው ይሙላና ኮድ ይስጠው፣ ኮዱም ዳታው ተቆልፎ ሳያልቅ አይፈታ።