«ተዘረፈ!» ከማለታችሁ በፊት፦ የተቀራረበ የቀበቶ ፍልሚያን ራሳችሁ ነጥብ ያዙ

አምስቱ ዙር አለቀ። የሁለቱም ፊት አብጧል። የመሀል ዳኛው የሁለቱንም እጅ ይዞ ቆሟል፤ አስተዋዋቂው «48 ለ 47» ሲል ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ብድግ ብሎ «ተዘረፈ!» ይላል። ያንን ሰው አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፤ ስንተኛው ዙር ላይ ነው የተዘረፈው? ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። እኔም ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ፍልሚያውን ከዳር እስከ ዳር በስሜት አየውና መጨረሻ ላይ ውስጤ በቀረው ነገር እፈርድ ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ኤምኤምኤ፣ ማለትም ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀለበት ፍልሚያ፣ ሌላ ስፖርት ሆነብኝ። እንዴት እንደምይዝ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ አምስት መስመር አስምሩ፤ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ። የቀበቶ ፍልሚያ፣ ማለትም ለሻምፒዮንነት የሚደረገው፣ አምስት ዙር ነው፣ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ፣ በመሀል 1 ደቂቃ እረፍት። ከዚያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ አድርጉ፣ ከቻላችሁ አጥፉት። የምሬን ነው። አስተላላፊዎቹ ገና በመጀመሪያው ዙር አንድ ታሪክ ይይዙና እስከ መጨረሻው ያንኑ ይተርካሉ። ተመልካቹም በክንድ ለተመከተ ቡጢ ሳይቀር ይጮሃል። ጩኸቱን ስትሰሙ ያላያችሁትን ቡጢ ያያችሁ ይመስላችኋል። በዙሮች መሀል ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የቡጢ ቁጥርም አትዩ፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ነጥቡን የሚሰጡት ከዳር የተቀመጡ ሦስት ዳኞች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ። ዙሩን ያሸነፈ 10 ያገኛል፣ የተሸነፈ 9 ወይም ከዚያ በታች። ሦስት ዙር ያሸነፈ 48 ለ 47 ያሸንፋል፣ አራት ያሸነፈ 49 ለ 46፣ አምስቱንም የወሰደ 50 ለ 45። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ 49 ለ 46 ሲሰማ ዳኛው ሰፊ ልዩነት ያየ ይመስለዋል። ላይሆን ይችላል። ሦስት ዙሮች የፀጉር ያህል ልዩነት ኖሯቸው ሦስቱም ወደ አንድ ሰው ካዘነበሉ ቁጥሩ ሰፊ ሆኖ ይወጣል፣ ፍልሚያው ግን አንገት ለአንገት ነበር። ጆን ጆንስ አሌክሳንደር ጉስታፍሰንን እ.ኤ.አ. በ2013 ቶሮንቶ ላይ ሲያሸንፍ ሁለት ዳኞች 48 ለ 47 ሰጡ፣ ሦስተኛው 49 ለ 46። በ2020 ሂውስተን ላይ ከዶሚኒክ ሬየስ ጋር ሲጋጠምም ውጤቱ ልክ እንደዚያው ነበር። በሁለቱም ጊዜ ሰው በ49ኙ ተናደደ። እኔ ግን ቁጥሩን ትቼ የትኛውን ዙር ጨምሮ እንደሰጠ ነው የማየው።

አሁን ዋናው ነገር፤ ዙርን የሚያሸንፈው ምንድን ነው? በተዋሃደው የኤምኤምኤ ሕግ መሠረት ቅድሚያ የሚሰጠው ውጤት ላመጣ ምትና ውጤት ላመጣ ትግል ነው። ይህ መመዘኛ ከ2017 ጀምሮ በግልጽ ተብራርቶ ሥራ ላይ ውሏል። ትልቁ ጥያቄ ማን ተጋጣሚውን ይበልጥ ጎዳ፣ ማንስ ፍልሚያውን ወደ ማብቂያው ይበልጥ ገፋው የሚለው ነው። ስንት ጊዜ መታ የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህን ለማየት አንድ ልማድ ቀይሩ። የሚመታውን ሳይሆን የሚመታበትን እዩ። ዓይናችን በተፈጥሮው እጁን የሚወረውረውን ይከተላል፣ ቡጢው ደግሞ ሲወረወር ሁሌም ያምራል። ተቀባዩ ላይ ስታተኩሩ ግን ሌላ ፍልሚያ ታያላችሁ። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተወረወረ ወይስ ቡጢው ጓንቱ ላይ ቀረ? ጉልበቱ ለቅጽበት ከዳው? ባቱ ላይ ከተረገጠ በኋላ አቋቋሙን ቀየረ፣ ግራ እግሩን ወደ ኋላ ደበቀ? የጎን አጥንቱን ከተመታ በኋላ ክርኑ ወርዶ እዚያው ተጣብቆ ቀረ? አፉን ከፍቶ መተንፈስ ጀመረ? አንዳንዱ ቡጢ ድምፁ ትልቅ ሆኖ ምንም አያደርግም፤ አንዳንዱ ደግሞ ድምፅ የለውም፣ ተቀባዩ ግን ከዚያ በኋላ ወደፊት አልመጣም። ያንን ጻፉ።

ደምና እብጠት ላይ ተጠንቀቁ። በ2020 ላስ ቬጋስ ላይ ዣንግ ዌይሊ ዮአና የንድዤይቺክን በ2 ለ 1 የዳኞች ድምፅ ስታሸንፍ የዮአና ግንባር አብጦ ፊቷ እስኪጠፋ ድረስ ተለውጦ ነበር። ያን ያየ ሰው «ይሄማ ምን ክርክር አለው» ሊል ይችላል። ግን አንዱ ዳኛ ዮአናን ነው አሸናፊ ያደረጋት፣ ብዙ ዙሮችም በእርግጥ የተቀራረቡ ነበሩ። እብጠት ምቱ እንዳረፈ ይነግራችኋል፣ በስንተኛው ዙር እንዳረፈ ግን አይነግራችሁም። በሁለተኛው ዙር የተተረተረ ቅንድብ በአራተኛውም ይደማል። ያ ደም አንዴ ተቆጥሯል፤ ደግማችሁ አትቁጠሩት።

ቁጥሩን አትዩ ያልኳችሁም ለዚህ ነው። በ2016 መጀመሪያ ሮቢ ላውለርና ካርሎስ ኮንዲት ላስ ቬጋስ ላይ ተጋጠሙ። ኮንዲት በጠቅላላው 176 ጉልህ ምት አሳረፈ፣ ላውለር 92። በእጥፍ ሊጠጋ ምን ቀረው! ሆኖም ላውለር በ2 ለ 1 ድምፅ ቀበቶውን ይዞ ወጣ። ኮንዲት ብዙ መትቷል፣ ላውለር ከባድ ከባዱን መትቷል፤ ደግሞም በአንድ ዙር የተረፈ ቡጢ ወደ ሌላው ዙር አይሻገርም። በአምስተኛው ዙር ላውለር ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ሲወርድበት፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን የመድረኩ አጥር ላይ ተደግፈው መቆም ሲያቅታቸው የሚታየውን ምስል መቼም አልረሳውም። እኔ ያን ፍልሚያ ለኮንዲት ነበር የሰጠሁት፣ ዛሬም ለኮንዲት ነው። ግን በቁጥሩ አልከራከርም፣ በሦስተኛው ዙር ነው የምከራከረው።

መሬት ላይ ሲወርዱስ? ሰው መጣል፣ ማለትም ቴክዳውን፣ ብቻውን ብዙም አይደለም። ጥሎት ወዲያው ከተነሳ ብዙ ነጥብ አትስጡት። በኃይል አንስቶ ካፈረጠው፣ ወይም ጥሎ በክርን ከደበደበ፣ ጀርባውን ይዞ አንገቱ ውስጥ ክንዱን ካስገባ ያ ትግል ውጤት አምጥቷል። ከላይ ሆኖ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ የያዘና ከታች ሆኖ በክርን ግንባር የተረተረ ሰው ቢወዳደሩ ከታች ያለው ሊያሸንፍ ይችላል። ለማነቅ የሞከረውንም እንደ ጡጫው መዝኑት፤ የእውነት ሊያልቅ ነበር ወይስ እጁን አስቀመጠና ተወው?

«ወደፊት ሲሄድ የነበረው እሱ ነው» የሚል ክርክር ሁሌም ይመጣል። ወደፊት መሄድና የመድረኩን መሀል መያዝ የሚቆጠሩት በምትና በትግል ሁለቱ ፍጹም እኩል ከሆኑ ብቻ ነው። መጀመሪያ ማጥቃቱ ይታያል፤ እሱም እኩል ከሆነ መሀሉን ማን ተቆጣጠረ ይባላል። አምስት ደቂቃ ሙሉ በትክክል እኩል የሆነ ዙር ደግሞ እምብዛም አይገኝም። ወደፊት እየሄደ ፊቱን ለጃብ፣ ለፊተኛው እጅ ቀጥተኛ ቡጢ፣ የሚሰጥ ሰው ዙሩን እየተሸነፈ ነው።

የመጨረሻዋ ደቂቃ ወጥመድ ናት። ዙሩ ሲያልቅ የምናስታውሰው የመጨረሻውን ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ በየደቂቃው መጨረሻ የተሻለውን ሰው የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እጽፋለሁ፣ ያናወጠ ምት ካየሁ ከስሩ አሰምራለሁ። ደወሉ ሲደወል ወረቀቱ ላይ «ጉ ጉ ጉ ጉ ጆ» የሚል ሊገኝ ይችላል፣ «ጆ» ከስሩ ሁለቴ ተሰምሮበት። ፊደል ቆጥራችሁ አትፍረዱ። ሁለት መስመር ያለበት አንድ ደቂቃ አራቱን ሊበልጥ ይችላል። ጥቅሙ የመጀመሪያዎቹን አራት ደቂቃዎች እንዳትረሷቸው ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ዙር ሳይጀምር ነጥባችሁን ጻፉ። ከጻፋችሁ በኋላ አትሰርዙ፤ ዳኞቹም በየዙሩ መጨረሻ ነጥባቸውን አስረክበው ነው ወደሚቀጥለው የሚሄዱት።

10 ለ 8ን፣ ማለትም አንዱ በሰፊው የበለጠበትን ዙር ነጥብ፣ በቁጥብነት፣ ግን ያለ ፍርሃት ስጡ። ጉዳት፣ የበላይነት፣ ቆይታ፤ ሦስቱ ከተገኙ ያለ ጥርጥር፣ ሁለቱ ከተገኙ በቁም ነገር አስቡበት። ከቦክስ የመጣችሁ ከሆነ አንድ ልማድ ተዉ፤ እዚህ ተመትቶ መውደቅ ብቻውን 10 ለ 8 አያስገኝም። በ2020 አቡዳቢ ላይ ማክስ ሆሎዌይ አሌክሳንደር ቮልካኖቭስኪን በመጀመሪያውም በሁለተኛውም ዙር መትቶ ጥሎት ነበር። ሆኖም ቮልካኖቭስኪ ቀሪዎቹን ሦስት ዙሮች በሁለት ዳኞች ዘንድ አሸንፎ 48 ለ 47 ወጣ። 10 ለ 8 ምን ያህል ነገር እንደሚቀይር ደግሞ አስሉት፤ ሦስት ዙር አሸንፋችሁ ከሁለቱ የተሸነፋችሁባቸው ዙሮች አንዱ 10 ለ 8 ከሆነ ፍልሚያው 47 ለ 47 ነው።

የተቀነሰ ነጥብም እንዲሁ። በ2020 ዲሴምበር ዴይቬሰን ፊጌሬዶ በሦስተኛው ዙር ብራንደን ሞሬኖን ብልቱ ላይ ረግጦት አንድ ነጥብ ተቀነሰበት። ሁለት ዳኞች 47 ለ 47፣ አንዱ ለፊጌሬዶ። አቻ። ያቺ አንዲት እርግጫ ባትኖር ፊጌሬዶ አሸናፊ ነበር። አቻ ሲሆን ቀበቶው ከባለቤቱ አይወጣም፤ ስለዚህ ቅነሳ ስታዩ ወዲያው ከዳር ጻፉት፣ እስከ አምስተኛው ዙር ይረሳል።

«ሻምፒዮኑን ለመንጠቅ በግልጽ ማሸነፍ አለብህ» የሚባል ሕግ ደግሞ የለም። ባለቀበቶውም ተፎካካሪውም ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። ይህን አባባል ከጭንቅላታችሁ ካላወጣችሁ የተቀራረበውን ዙር ሁሉ ሳታውቁት ለሻምፒዮኑ ትሰጣላችሁ።

ውጤቱ ተነቦ ከእናንተ ከተለየ ወደ ስድብ አትሂዱ። ሦስቱ ዳኞች በሦስት የተለያየ ጎን ነው የሚቀመጡት። እናንተ በካሜራ የፊት ለፊቱን ያያችሁትን ቡጢ አንዱ ከጀርባ ነው ያየው፤ ማረፉን አይቶ የት እንዳረፈ ላያይ ይችላል። የየዙሩን ነጥብ የያዘው የዳኞች ወረቀት ከፍልሚያው በኋላ ይፋ ሲሆን ከወረቀታችሁ ጎን አስቀምጡት። ብዙ ጊዜ የምትለያዩት በአንድ ዙር ብቻ ነው። በ2013 ጆርጅ ሴንት ፒየርና ጆኒ ሄንድሪክስ ሲጋጠሙ ሴንት ፒየር ፊቱ ተበላሽቶ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ያ ሁሉ ጩኸት ሲጣራ ዳኞቹን የለያያቸው የመጀመሪያው ዙር ሆኖ ተገኘ። አንድ ዙር፣ 5 ደቂቃ።

ከዳኞቹ የተለያችሁበትን ዙር ብቻ በማግስቱ ያለ ድምፅ ድገሙት፣ በአዲስ ወረቀት። መጀመሪያ ለመለማመድ ደግሞ ከጆንስና ጉስታፍሰን አራተኛው ዙር የተሻለ የለም። ጉስታፍሰን ዙሩን ይዞት ሲሄድ ቆይቶ ወደ መጨረሻው ላይ ጆንስ ዞሮ በክርን ይመታዋል፣ ጉስታፍሰን ይንገዳገዳል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ለጉስታፍሰን ሰጠሁት። ዓይኔን ተቀባዩ ላይ አድርጌ ስደግመው እግሮቹን አየሁና ለጆንስ ጻፍኩ። እናንተ መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ የዳኞቹን ወረቀት ክፈቱ።