ስለ ድሮ የጠፈር ድራማ አስቂኝ ፖድካስት እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1967 በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን በተላለፈው «ስታር ትሬክ» የተባለ የጠፈር ድራማ ክፍል፣ የጠፈር መርከቧ ሐኪም ዶክተር ማኮይ ከድንጋይ የተሠራች የምትመስል ቁስለኛ ፍጡር እንዲያክም ሲታዘዝ «እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ግንበኛ አይደለሁም» ብሎ ያጉረመርማል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን እጁ በሲሚንቶ ተለውሶ፣ ቁስሏን እንደ ግድግዳ ለስኖ ይገኛል። ተዋናዩ ዲፎረስት ኬሊ ይህን ሲናገር ለማሳቅ አይሞክርም፤ የማይቻል ሥራ እንደተጣለበት የመንግሥት ሠራተኛ የምር ተበሳጭቷል። ስለ ድሮ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ አስቂኝ ፖድካስት ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት መማር ያለበት ይህንኑ ነው። አድማጭ የሚስቀው ተራኪው ታሪኩን አምኖ ሲያወራለት እንጂ ራሱ እየተንከተከተ «አያስቅም እንዴ?» ሲለው አይደለም።

ምርጫው ከክፍሉ ይጀምራል። የመጀመሪያው «ስታር ትሬክ» ከሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 እስከ ጁን 3 ቀን 1969 በሦስት ሲዝን 79 ክፍሎች የታዩበት፣ እያንዳንዱም ወደ 50 ደቂቃ የሚጠጋና በአብዛኛው ታሪኩን በዚያው የሚጨርስ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ አድማጩ ያለፈውን ሳያውቅ ከየትኛውም ሊገባ ይችላል። ጀማሪ ሁሉ የሚሮጠው በ1968 ወደታየው «የስፖክ አእምሮ» ነው፤ በዚህ ክፍል የሌላ ዓለም ሰዎች የመርከቧ መኮንን የሆነውን፣ ግማሽ ሰው ግማሽ የሌላ ፕላኔት ተወላጅ የስፖክን አእምሮ ከራስ ቅሉ አውጥተው ይሰርቁና ጓደኞቹ ባዶ አካሉን በሪሞት እያራመዱ አእምሮውን ፍለጋ ይወጣሉ። እኔ ይህን ክፍል ለጀማሪ አልመክርም፤ ድራማው ራሱ የቀልዱን ሥራ ስለጨረሰው ለፖድካስቱ የሚተርፈው ማጨብጨብ ብቻ ነው። «የዘላለም ጠርዝ ላይ ያለችው ከተማ» የተባለው ዝነኛ ክፍል ደግሞ የተገላቢጦሽ እጅግ ያሳዝናልና እሱን እያነሡ መቀለድ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንደ መሳቅ ይሆናል። ፍሬ የሚገኘው ከሁለቱ መካከል፣ ትልቅ ሐሳብ ርካሽ ልብስ ለብሶ በቀረበበት ቦታ ነው።

ማኮይ የለሰናት ፍጡር ያለችበት «በጨለማ ውስጥ ያለው ሰይጣን» የተባለው ክፍል ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በአንድ ፕላኔት የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ እያቀለጠ የሚጓዝ ፍጡር ሃምሳ ያህል ሠራተኞችን ፈጅቷል፤ ካፒቴን ከርክና ስፖክ ሊገድሉት ይመጣሉ፤ በመጨረሻ ግን ጥፋቱ የማዕድን ሠራተኞቹ ሆኖ ይገኛል፤ ክብ ድንጋይ እያሉ ሲሰባብሩ የኖሩት የፍጡሯን እንቁላሎች ነበር። ሐሳቡ ዛሬም ይከብዳል። ፍጡሯን የሠራውና በውስጧ በእጁና በጉልበቱ የዳኸው ያኖሽ ፕሮሃስካ የተባለ ባለሙያ ሲሆን፣ ለዓይን የምትታየው ግን አርሮ የተገለበጠ ድፎ ዳቦ ምንጣፍ ተከናንቦ ሲድህ ሆና ነው። ሐሳቡና ድፎ ዳቦው አንድ ላይ ሲመጡ ፖድካስቱ የሚቆምበት መሬት ተገኘ ማለት ነው።

ክፍሉን ሦስት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ጊዜ ብዕር አይያዝ፤ እንደ ማንኛውም ተመልካች ይደንግጡ፣ ይሰልቹ፣ ይሳቁ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ያስደነገጠዎትንና ያሳቀዎትን ሁሉ ከነደቂቃው ይጻፉ። ቀልድ የሚገኘው በአብዛኛው ከዚህ ሁለተኛ እይታ ነው። ለምሳሌ በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ስፖክ ከማዕድኑ አለቃ ጠረጴዛ ላይ አንድ ክብ ነገር አንሥቶ ያገላብጣል፤ በመጀመሪያ ሲያዩት ጌጥ ነው፤ መጨረሻውን አውቀው ሲመለሱ ግን አለቃው ስለ ጭራቁ አረመኔነት አምርሮ የሚናገረው የጭራቁን እንቁላል ፊት ለፊቱ አስቀምጦ መሆኑን ያያሉ። ይህንን ያለ ምንም ማጋነን፣ ልክ እንደሆነው መናገር ብቻ ይበቃል። በሦስተኛው ጊዜ ድምፁን አጥፍተው ይመልከቱ፤ ጆሮ ሲያርፍ ዓይን የልብሱን ስፌት፣ የግድግዳውን መወዛወዝ፣ ከትዕይንት ትዕይንት የሚለዋወጠውን ነገር ይይዛል። «ተለዋጩ ምክንያት» በተባለው ክፍል የእንግዳው ገጸ ባሕርይ የላዛረስ ጺም አንዴ ሲሳሳ አንዴ ሲጎፍር የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ያገኙትን ስህተት ከመሳቅዎ በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ፤ ምክንያቱ ከስህተቱ ይልቅ የሚያስቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰውን በትኖ ሌላ ቦታ የሚገጣጥመው የማጓጓዣ መሣሪያ የተፈለሰፈው መርከቧን በየሳምንቱ ፕላኔት ላይ ስታርፍ ማሳየት ገንዘብ ስለሚጨርስ ነበር፤ የወደፊቱን ዘመን ታላቅ ቴክኖሎጂ የወለደው የሒሳብ ክፍሉ ነው ማለት ይቻላል። ለአንድ ክፍል ተብለው ከተገዙት ዘመናዊ የጨው መነስነሻዎች መካከል አንዳንዶቹ እንግዳ ቅርጽ ስለነበራቸው የዶክተር ማኮይ የሕክምና መሣሪያ ሆነው ቀርተዋል። በኦክቶበር 1966 በታየው «ውስጣዊው ጠላት» ደግሞ መርከበኛው ሱሉና ጓደኞቹ ፕላኔት ላይ በብርድ ሊያልቁ ሲደርሱ ማንኛውም ተመልካች «ትንሿን አመላላሽ መንኮራኩር ለምን አይልኩላቸውም?» ይላል። መልሱ መንኮራኩሯ ያን ጊዜ በድራማው ውስጥ ገና አለመኖሯ ነው። ይህን የማያውቅ ተራኪ ሲፎክር ቆይቶ በአንድ አስተያየት ሰጪ ይታረማል፤ የሚያውቀው ግን ጀልባ ያልተሠራላቸው ሰዎች እንዴት እንደሚሰምጡ እያወራ ያስቃል።

በአማርኛ ሲተርኩ እንግሊዝኛው የማያመጣው ጣጣ ይመጣል፤ ብዙ ያሰብኩበትም ይኼኛው ነው። የእንግሊዝኛው ተራኪ ፍጡሯን «ነገር» እያለ ጾታዋን እስከ መጨረሻው መደበቅ ይችላል። የአማርኛ ግስ ግን ገና ስትንቀሳቀስ ወንድ ወይም ሴት በሉኝ ይላል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ቁስለኛ ፍጡር፣ ቁስሏን» ብዬ ምሥጢሩን አስቀድሜ አባክኜዋለሁ፤ በፖድካስት ላይ ግን እንዲህ ማድረግ ታሪኩን መግደል ነው። የሚሻለው የማዕድን ሠራተኞቹን አፍ ተከትሎ «ጭራቁ መጣ፣ ጭራቁ ገደለ» እያሉ መቆየት፣ ስፖክም አእምሮውን ከእሷ ጋር አዋሕዶ እናት መሆኗ ሲገለጥ ምንም ሳያብራሩ «ልጆቿን ስላረዱባት ገደለች» ብሎ ማለፍ ነው። አንዲት «ች» የአንድ ሰዓት ድራማ ትሸከማለች። አጋርዎ በዚያች ቅጽበት «ምን? ገደለች አልክ?» ብሎ ከጠየቀ ትረካው ተሳክቷል።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል። ፍጡሯ ከስፖክ አእምሮ ጥቂት እንግሊዝኛ ቀስማ ድንጋዩ ላይ በአሲዷ ሦስት ቃል ትጽፋለች፤ ከርክ ሲያነበው «አትግደሉኝ» ትበል ወይም «አልገድልም» ትበል ሊለይ አይችልም። አማርኛ ግስ ማን ማንን እንደሚገድል ራሱ ውስጥ ስለሚይዝ ይህን ጥርጣሬ በተስተካከለ ሰዋስው ማምጣት አይቻልም፤ ካስተካከሉት ጥርጣሬው ይጠፋል። ስለዚህ ይስበሩት፤ «መግደል የለም እኔ» ብለው፣ የመቃብር ድንጋይ እንደሚያነብ ሰው በዝግታ ያንብቡት። ሳቁም ሐዘኑም አብሮ ይመጣል።

ከመቅዳትዎ በፊት ማን ማንን «አንተ»፣ ማን ማንን «እርስዎ» እንደሚል ወስነው ወረቀት ላይ ያስፍሩ። በእኔ አሠራር ከርክ ስፖክን «አንተ» ይለዋል፤ ስፖክ አለቃውን «እርስዎ» ከማለት ዝንፍ አይልም፤ ማኮይ ካፒቴኑን «ጂም» እያለ በስሙ ስለሚጠራው ሁለቱ አንተ ለአንተ ናቸው። ማኮይና ስፖክ ግን ሲጣሉ «እርስዎ» ቢባባሉ ይመረጣል፤ በሰላም ሲሆኑ ወደ «አንተ» ይመለሱ። በአክብሮት የተጠቀለለ ስድብ በአማርኛ እንዴት እንደሚቆርጥ አድማጩ ከቤቱ ያውቀዋል።

ተናጋሪዎቹ ሁለት ቢሆኑ ይበቃል፤ አንዱ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ያየ፣ ሌላው ጨርሶ ያላየ። ሁለተኛው የምር ያላየ መሆን አለበት፤ የማስመሰል መደነቅ በማይክሮፎን ውስጥ ወዲያው ይታወቃል። ሥራው አድማጩን ወክሎ መጠየቅና ትረካው ሲንዛዛ «ከዚያስ?» ማለት ነው። የ50 ደቂቃ ድራማ በ90 ደቂቃ መተረክ የለበትም፤ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ መልካም ልክ ነው። ቀይ ሸሚዝ የለበሱት መርከበኞች ቶሎ ይሞታሉ የሚለውን ቀልድ ይተዉት፤ ድራማውን የሚወዱት በሙሉ ለአሥርተ ዓመታት ሲደጋግሙት ኖረዋል።

በሥራው ይቀልዱ፣ በሠራተኛው ግን አይደለም። የከርክ ተዋናይ ዊሊያም ሻትነር ቃላቱን እየቆራረጠ የሚናገርበት መንገድ ለቀልድ የተመቸ ነው፤ ሆኖም «በጨለማ ውስጥ ያለው ሰይጣን» ሲቀረጽ የአባቱ ሞት ተነግሮት ሳለ የጀመረውን ትዕይንት ሳያቋርጥ መቀጠሉ የታወቀ ነው። ይህን ያወቀ ተራኪ አንዳንድ ቀልዱን መልሶ ይውጣል፤ ቢውጥ ደግሞ ፖድካስቱ አይጎዳም።

ለቀረጻው ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጸጥታ ነው። መጋረጃ፣ ምንጣፍና አልጋ ያለበት መኝታ ቤት ከባዶ ሳሎን ይሻላል፤ በክረምት ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚቀዳ ሰው ከሰዓት በኋላን ትቶ ማለዳውን ይጠቀም። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ሁለታችሁም በየራሳችሁ ማይክሮፎንና በየራሳችሁ ትራክ (የድምፅ መስመር) ተቀረጹ። አንዱ አዲስ አበባ ሌላው ዋሽንግተን ከሆነ በስልክ እየተነጋገሩ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ እቤቱ ይቅዳ፤ መጀመሪያ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቢያጨበጭቡ ሁለቱን ፋይሎች በኋላ ለማገጣጠም ያግዛል። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ ማይክሮፎኔን ሰክቼ፣ ፊቴን ወደሱ አዙሬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከተናገርኩ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲቀዳ የቆየው በራሱ ማይክ፣ ከነማራገቢያው ጩኸት መሆኑን ተረዳሁ። ከዚያ ወዲህ አሥር ሰከንድ ቀድቼ በጆሮ ማዳመጫ ሳልሰማ አልጀምርም።

ፋይሉን መጀመሪያ ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት በ«ዌቭ» ዓይነት ይያዙት፤ ኤዲቲንጉን እንደ «ኦዳሲቲ» ባለ ነጻ ፕሮግራም መሥራት ይቻላል። በመቁረጥ ጊዜ ቀድሞ መሄድ ያለበት የራስዎ ሳቅ ነው፤ ቀጥሎም ቀልድን የሚያብራራ ዓረፍተ ነገር ሁሉ። ከቀልዱ በኋላ ያለውን ጸጥታ ግን አይንኩት፤ ብዙ ጀማሪ ይህን ባዶ ቦታ እንደ ስህተት ቆጥሮ ይዘጋውና አድማጩን መሳቂያ ጊዜ ይነሳዋል። ሲጨርሱ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በ64 ኪሎቢት ወደ ኤምፒስሪ ቢቀይሩት የ40 ደቂቃ ፕሮግራም ወደ 19 ሜጋባይት ይመጣል፤ ለንግግር ጥራቱ በቂ ነው፣ ዳታ በብር ለሚገዛ አድማጭም ውለታ ነው። የድምፁ መጠን ለሞኖ ከዜሮ በታች 19 «ላፍስ» (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) አካባቢ ቢሆን አድማጩ በየፕሮግራሙ መካከል ድምፅ ሲጨምርና ሲቀንስ አይውልም።

ከድራማው ድምፅ ቆርጦ ማስገባትን በተመለከተ፣ ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ይፈቀዳል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። የአሜሪካ ሕግ የሰከንድ ልክ አልቆረጠም፤ የሚመዝነው ለምን ዓላማ እንደተጠቀሙበት፣ የሥራውን ዓይነት፣ ምን ያህሉን እንደወሰዱና የባለቤቱን ገበያ መጉዳት አለመጉዳትዎን ነው። የአሌክሳንደር ከሬጅን የመክፈቻ ሙዚቃ ጨርሶ አለመንካት፣ ንግግሮቹንም ራስዎ በአማርኛ መናገር ከጭቅጭቅ ያድናል፤ እንዲያውም ከላይ ያልኩት ቀልድ ሁሉ የሚገኘው በራስዎ አፍ ሲነገር ነው።

ፕሮግራሙን የሚያስቀምጥ አገልግሎት «አርኤስኤስ» የሚባለውን፣ አዲስ ክፍል ሲወጣ ለማዳመጫ መተግበሪያዎች የሚያሳውቀውን አድራሻ ይሰጥዎታል፤ እሱን ለ«አፕል ፖድካስትስ»ና ለ«ስፖቲፋይ» አንድ ጊዜ ካስመዘገቡ ቀሪው በራሱ ይሄዳል። በአማርኛ የሚያደምጡ ብዙዎች ፋይሉን በቴሌግራም ስለሚቀባበሉ እዚያም ይጫኑት፤ በመግለጫው ላይ የክፍሉን ስምና የታየበትን ዓመት ይጻፉ፣ መጨረሻው እንደሚነገርም አስቀድመው ያስጠንቅቁ።

የፕሮግራሙን መዝጊያ ከድራማው መዝጊያ ይዋሱ። በ«በጨለማ ውስጥ ያለው ሰይጣን» መጨረሻ ስፖክ ፍጡሯ ሹል ጆሮዎቹን እንደወደደችለት ያወራል፤ ከርክ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ሰው እየመሰልክ ነው ይለዋል፤ ስፖክም ሰው መባልን እንደ ስድብ ቆጥሮ፣ ቆሞ የሚሰደብበት ምክንያት እንደማይታየው ይናገራል። «ካፒቴን፣ እዚህ ቆሜ የምሰደብበት ምክንያት አይታየኝም» ብለው፣ አጋርዎ ምንም ቃል ሳይጨምር፣ ቀረጻውን ያቁሙት።