ያረጀ ጫማ ለማስቀመጥ ካሰባችሁ ለማጠብ አትቸኩሉ

አባቴ ካረፈ በኋላ እህቶቼ ሰዓቱንና መነጽሩን ወሰዱ። እኔ ጫማውን ወሰድኩ። ቡናማ ቆዳ ነው፣ ባለ ማሰሪያ፣ ቁጥሩ 42። ከኋላ በኩል ተጨፍልቋል፤ ምክንያቱም አባባ ማሰሪያ ፈትቶ አያውቅም። በአንዱ እግሩ የሌላውን ተረከዝ ረግጦ ነበር የሚያወልቀው። እማዬ ስትቆጣው «ጫማው ለእኔ ነው እንጂ እኔ ለጫማው ነኝ እንዴ?» ይላት ነበር።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ጫማ ቤታችሁ ላላችሁ ነው። ለማይደረገው፣ ግን ለመጣል እጅ እምቢ ለሚለው።

መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱት። መስኮት አጠገብ አስቀምጡና ብርሃኑ ከጎን ይምታው፤ እጥፋቱና ጭረቱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሶሉን፣ ታኮውን፣ ውስጡንም አንሱ። ይህን የተማርኩት ከጥፋቴ ነው። የልጄን የመጀመሪያ ሸራ ጫማ ማስቀመጥ ፈልጌ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ጫፉ ላይ ጥቁር ፍትጊያ ነበረበት፤ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቱን በእግሩ መሬት እየፈተገ ነበር የሚያቆመው። ማሽኑ አስለቀቀው። ዛሬ ያ ጫማ አለ፣ ንጹህ ነው፣ የማንም ልጅ ጫማ ይመስላል።

ስለዚህ ጫማውን በእጃችሁ ይዛችሁ አንዴ አገላብጡት። የቱ ቆሻሻ ነው፣ የቱ ሰውየው ነው? ጭቃና አቧራ ቆሻሻ ናቸው። የታኮ መበላት ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ሰው ሲራመድ መጀመሪያ መሬት የሚነካው በተረከዙ የውጪ ጠርዝ ስለሆነ የብዙዎቻችን ታኮ እዚያው ጋ ያልቃል። የአባባ ግን የግራው ከቀኙ በጣም የባሰ ተበልቷል። ቀኝ ጉልበቱን ያመው ነበር፤ ክብደቱን ወደ ግራ ይጥል እንደነበር ያወቅኩት ጫማውን ገልብጬ ሳየው ነው። በሕይወት እያለ አንድም ቀን «አመመኝ» አላለም። ውስጡ ደግሞ የአምስት ጣቶቹ ቦታ ጠቁሮ ታትሟል። ውስጡን እንዳትፍቁት፣ ገበሩንም እንዳትቀይሩ።

ጽዳቱ ራሱ ቀላል ነው። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ፣ ከዚያ በውሃ ተነክሮ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ። በቃ። ቆዳ ከሆነ ሲደርቅ ቀለም የሌለው የቆዳ ክሬም ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ቅባቱ ያለቀ ቆዳ ይሰነጠቃልና። በመጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩት። ባለ ቀለሙን የጫማ ቀለም እኔ አልመክርም። ጭረቱን ይሸፍነዋል፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ጭረቱን ነው።

ከረጠበ ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አታድርጉት፤ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ፣ ወረቀት ጠቅጠቅ አድርጋችሁበት በራሱ ጊዜ ይድረቅ። ጋዜጣ ቀለሙን ስለሚለቅ ነጭ ወረቀት ይሻላል። እጥፋቱ እስኪዘረጋ ድረስ ግን አትወጥሩት። ነገሩ አዲስ አይደለም፦ በፈረንጆቹ 2008 አርሜንያ ውስጥ አንድ ዋሻ ውስጥ 5,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የቆዳ ጫማ ተገኝቷል፤ የቀኝ እግር ብቻ፣ ውስጡ ሣር የተጠቀጠቀበት። ሣሩ እግር ለማሞቅ ይሁን ቅርጹን ለመጠበቅ ተመራማሪዎቹ እርግጠኛ አልሆኑም። እኔ ቅርጹን ለመጠበቅ ነው ባይ ነኝ፤ ማስረጃ የለኝም።

ጫማ ሰፊ ጋ ስትሄዱ የምትፈልጉትን ለይታችሁ ሂዱ። እኔ የወሰድኩት ጎኑ ላይ የተተረተረውን ስፌት ለማሰፋት ነበር። ሰውየው ገልበጥ አድርጎ አየና «ታኮውንም ላስተካክልልሽ?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። «ተንጋዶ እኮ ነው!» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። እርግጥ ጫማውን ልታደርጉት ከሆነ ታኮው መቀየር አለበት፤ በተንጋደደ ታኮ መሄድ ለእግርም ለወገብም ደግ አይደለም። ይደረጋል ወይስ ይቀመጣል የሚለውን ቀድማችሁ ወስኑ።

ለማስቀመጥ ፌስታል አይሆንም። እርጥበት ይታፈንና ይሻግታል። የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ካርቶን ውስጥ አድርጉት፣ እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ጣል አድርጉበት። በዓመት ሁለት ሦስቴ አውጥታችሁ አናፍሱት። ሻጋታ ካያችሁ ደጅ ወስዳችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ ቤት ውስጥ ከሆነ ወደ ሌላው ልብስ ይዛመታል።

ስለ ስፖርት ጫማ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳታዝኑ። አንዳንዶቹ ሶላቸው ፖሊዩሬታን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ይህ ነገር ባትለብሱትም ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሃደ ከዓመታት በኋላ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ቢቀዘቅዝና ቢደርቅ ይዘገይ ይሆናል እንጂ አይቀርም። ለእሱ ፎቶው ዋናው ነው።

በመጨረሻ ወረቀት ጻፉበት፤ የማን እንደሆነ፣ የት የት ሲሄድ ያደርገው እንደነበር። ከእናንተ በኋላ ካርቶኑን የሚከፍተው ሰው ጫማውን አያውቀውም። የእኔ ወረቀት አጭር ነው፦ «የአባባ። ቁጥር 42። ቀኝ ጉልበቱን ያመው ነበር። ማሰሪያውን ያሰረው እሱ ነው፣ እንዳትፈቱት።»