ለጀልባ አምፕሊፋየር ከመግዛታችሁ በፊት

ጣና ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ጀልባ ያላችሁ፣ ለሙዚቃ አምፕሊፋየር ልትገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። እሱ ለአፍታ ብቻ የሚደረስበት ጣሪያ ነው። የምትፈልጉት «አርኤምኤስ» የሚለውን ቁጥር ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል ማለት ነው። ከስፒከራችሁ አርኤምኤስ ጋር ይቀራረብ።

ዓይነቱ «ክላስ ዲ» ይሁን። ጀልባ ላይ ያለው ኃይል ባትሪ ብቻ ነዋ! ክላስ ዲ ከሚስበው ኃይል 80 በመቶ ገደማውን ለስፒከሩ ያደርሳል፤ ሌላው ዓይነት ክላስ ኤቢ ግን ግማሽ የሚጠጋውን በሙቀት ያባክነዋል። አስቡት፦ የ400 ዋት አምፕሊፋየር እስከ ጥግ ሲከፈት፣ በክላስ ዲ እንኳን ከ12 ቮልት ባትሪ 40 አምፔር ገደማ ይስባል። ሞተር አጥፍታችሁ ስትጨፍሩ ካመሻችሁ፣ መመለሻ ሰዓት ላይ ሞተሩ እምቢ ይላችኋል። ስለዚህ ለሙዚቃው ሌላ ባትሪ ለዩለት።

የመኪና አምፕሊፋየር ይረክሳል፣ አውቃለሁ። ግን አብዛኛው ውስጡ እርጥበት መከላከያ አልተቀባም፤ ቶሎ ይዝጋል። ለጀልባ ተብሎ የተሠራውን ግዙ። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። አምፕሊፋየሩን ደግሞ ቤንዚን ታንክ ያለበት ክፍል ውስጥ እንዳትገጥሙት፤ ለትነቱ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።